መልስ የማይጠብቀው መስመር

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት ወይም ከየትም የገለበጥኩት አይደለም።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሰው ጨለማ፣ ዶፍ ዝናብና ጭር ያለ መንገድ ይጠብቃል። የእኔ የጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው... ሰኞ ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ። ቦታው ቢሮዬ ነው፤ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለች፣ አምስት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ የያዘች ክፍል። ከሥር የስፌት መኪኖቹ ይንጣጣሉ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ አልቀየመውም። እኔም በሰው ደርሶ ብሰማው እስቅ ነበር።

መጀመሪያ ግን ሥራዬን ላስረዳችሁ። እሱ ካልገባችሁ ምን እንዳስፈራኝ አይገባችሁም።

እኔ የሶፍትዌር ንድፍ አውጪ ነኝ። ፕሮግራም ሲባል ብዙ ሰው ጥቁር ስክሪን ላይ የሚርመሰመስ ፊደል ይመስለዋል። የእኛ ቢሮ እንደዚያ አይሠራም። እኛ እንሥላለን። ሳጥን እንሥልና ሳጥኑን ከሌላ ሳጥን ጋር በቀስት እናገናኛለን፤ ከዚያ መሣሪያው ሥዕሉን አንብቦ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይለውጠዋል። ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር አይሠራም። ሥዕሉ ላይ ያለ ነገር ደግሞ... ተሳስታችሁ ብትሥሉትም ይሠራል።

እናቴ «ቀኑን ሙሉ ሥዕል ስትሥል ውላ ደከመኝ ትላለች» እያለች ታሾፍብኛለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ጠመኔ ናቸው። ስማቸው አይደለም፤ ድሮ አስተማሪ ስለነበሩና ዛሬም ሲያስረዱ ጣቶቻቸውን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ስለሚያደርጉ ያወጣንላቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስት ሣሉልኝ። አንዱ ሙሉ መስመር፣ ሌላው ቁርጥርጥ።

«ይሄ ሙሉው ምን ይላል መሰለሽ? መልእክቴን ልኬያለሁ፤ መልስ ሳላገኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ይላል።»

«ቁርጥርጡስ?»

«እሱ ግድ የለውም። ልኬያለሁ፣ ከደረሰ ደረሰ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።»

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

አንድ ቀን ከአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ መጣልን። ሁለት ፎቅ፣ ሃያ ክፍል፣ በየአልጋው ራስጌ በገመድ የተንጠለጠለ አንድ መጥሪያ ደወል። አሮጌው ደወል ኮሪደሩን ሁሉ ያደነቁራል እንጂ ማን እንደጠራ አይናገርም። የእኛ ሥራ ደወሎቹን ነርሷ ኪሷ ውስጥ ከምትይዘው ትንሽ መቀበያ ጋር ማገናኘት ነበር።

ለማጥናት ሦስት ቀን እዚያ ዋልኩ። ከአንዲት ነርስ ጋር መደቡኝ። ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏት፤ እኔም ሲስተር አልኳት። ወፈር ያለች፣ ስትራመድ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ የሚል፣ አንዱን አባባ ስትቆጣ ሌላዋን እማማ ስታባብል የምትውል ሴት ናት። ምሳ ሳልይዝ የሄድኩ ዕለት ከራሷ ሳህን ከፍላ ሰጠችኝ። አልፈልግም ስላት «እይው እንግዲህ! እዚህ ቤት እምቢ ማለት የሚፈቀደው ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ደረጃው ሥር አስቆመችኝ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ?»

«ምን?»

«ሰው ጠርቶኝ ካልሰማሁ... ዕቃው ዝም እንዳይል። እስክሰማ ይጩህብኝ።»

«ይጮሃል።»

«ብሰለችም?»

«ብትሰለቺም፣ ብትረግሚኝም። መጥተሽ አልጋው አጠገብ ያለውን ቁልፍ እስክትጫኚ አይለቅሽም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው ሲስተር።»

የዚያኑ ዕለት ልወጣ ስል አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ጎራ ብዬ ነበር። አንዲት እማማ ናቸው ያሉት፤ ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ። ደወሉን በመዳፋቸው ይዘው ያገላብጡታል።

«ልጄ፣ ይሄን ስጫን ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል እማማ።»

«ጎሽ» አሉኝ። በሕይወት ሳሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ሃያ ሙሉ መስመር ሣልኩ። ከሃያ ክፍል፣ ወደ ነርሷ። እስከዚህ ድረስ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ከዚያ ሥራውን ለመንከባከቢያ ቤቱ ዳይሬክተር የምናሳይበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ስሞክረው ጉድ ፈላ። ሙሉ መስመር መልስ ይጠብቃል አላልኳችሁም? መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ መልስ የምትሰጥ ነርስ የለችም። የመጀመሪያዋን ደወል ስጫን ስክሪኑ መልስ ይጠብቃል ብሎ ድርቅ አለ። በሰው ፊት ልዋረድ ነው።

ስለዚህ ሃያውንም መስመሮች ቁርጥርጥ አደረግኳቸው። ለትርኢቱ ብቻ። ስመለስ አስተካክላቸዋለሁ ብዬ።

ትርኢቱ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ስመለስ መስመሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሙሉ መለስኳቸው። በቢሯችን አንድ ደንብ አለ፤ መስመር የነካ ሰው ሥዕሉን ብቻውን አይዘጋም። አንዱ ጣቱን እያስኬደ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው እየቆጠረ ምልክት ያደርጋል። ሥዕል ማንበብ እንለዋለን። ጋሽ ጠመኔ የዚህች ደንብ አባት ናቸው።

«እናንብበው?» አሉኝ ኮታቸውን እየለበሱ።

«ቆጥሬዋለሁ ጋሼ።»

አልቆጠርኩም ነበር። ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል፣ ወደ ቤቴ መሄድ አምሮኛል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የአሥራ አራቷ እማማ ሞቱ።

ረፋድ ላይ ነው። ሲስተር አንድ አባባን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ሊፍት ውስጥ ነበረች። ሊፍቱ ውስጥ መቀበያው አይሠራም፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ። በዚያች ደቂቃ እማማ ደወሉን ተጫኑ። ከአልጋቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተጋድመው የተገኙት ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው... ደወሉን እንደጨበጡ።

መሣሪያው የሚይዘው የጥሪ መዝገብ ተከፈተ። እንዲህ ይላል፦ አራት ሰዓት ከአሥር። ክፍል አሥራ አራት። ተልኳል።

ሲስተር ጮኸች አሉ። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ አልደረሰኝም!» ብላ።

ማን ይስማት? ተልኳል ይላላ።

አሟሟታቸውን ለማጣራት ለተጠራው ስብሰባ ሥዕሉን አትሜ እንዳመጣ ታዘዝኩ። በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥዕሉን ከፈትኩት። ወረቀቱ ላይ እንዲያምር ብዬ የምልክት ማብራሪያዋን ሳጥን ወደ ጥግ ጎተትኳት። ሙሉ መስመር ይህ ማለት ነው፣ ቁርጥርጥ መስመር ይህ ማለት ነው የምትለዋን ሳጥን ማለቴ ነው። ለትርኢቱ ቀን ወደ መሃል አምጥቻት እዚያው ረስቻታለሁ።

ከሥሯ አንድ መስመር ነበር።

ከአሥራ አራት ወደ ነርሷ።

ቁርጥርጥ።

ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ ጠመኔ ስልክ ያወራሉ። ሌሎቹ ምሳ ላይ ናቸው። ከሥር የስፌት መኪኖቹ ይንጣጣሉ...

ወደ ሙሉ መስመር ቀየርኩት። አራት ሰከንድ አይፈጅም። አተምኩት። ወረቀቱ ሲወጣ ትኩስ ነበር።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ዘርግተው ጠየቁኝ።

«መልስ ካላገኘ ጥሪው ይደጋገማል?»

«አዎ፣ ይደጋገማል።»

«መዝገቡ አንዴ ብቻ ነው የጻፈው።»

«ለአንድ ጥሪ አንዴ ብቻ ነው የሚጽፈው። ቢደጋገምም።»

ወረቀቱ ላይ ላለው ሥዕል ሁለቱም እውነት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድም የውሸት ቃል አልተናገርኩም፤ ይብስ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሲስተር ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ በተስፋ ታየኛለች።

«እሷን ጠይቋት» አለች፤ «እሷ ታውቀኛለች። ንገሪያቸው እንጂ።»

እኔ ወረቀቱን አየሁ።

በዚያው ሳምንት ተባረረች። ጥሪ እየሰማች ዝም ያለች ነርስ የሚል ስም ወጣላት። እንዲህ የተባለችን ነርስ ማን ይቀጥራል?

እንግዲህ ወደዚያች ሰኞ መጣን።

ቢሯችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ሥዕሉ በትልቁ ይታያል። አንድ ክፍል ሲጠራ መስመሩ ቢጫ ይሆናል፣ መልስ ሲያገኝ ይጠፋል። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ቀና ስል...

የአሥራ አራት መስመር ቢጫ ነው።

«ጋሼ፣ አሥራ አራት ሰው ገባበት እንዴ?»

«አልገባበትም። እንደተቆለፈ ነው።»

«ታዲያ ማነው የሚጠራው?»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። መንከባከቢያ ቤቱ ስልክ ደውለው በሲስተር ቦታ የገባችውን ነርስ አናገሩ። ድምፅ ማጉያውን ስለከፈቱት እኔም ሰማሁ።

«ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም» አለች ነርሷ። «ደወሉንም ከግድግዳው ነቅለው መጋዘን አስገብተውታል።»

«መቀበያሽ አይጮህም?»

«ኧረ ጭጭ ብሏል።»

ጋሼ ስልኩን ዘጉ። መስመሩ ቢጫ እንደሆነ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ልክ ሃምሳ ደቂቃ።

ማክሰኞ፣ አራት ከአሥር። ቢጫ።

ረቡዕ፣ አራት ከአሥር። ቢጫ። ጋሽ ጠመኔ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት። ስክሪኑ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው፤ ሳጥኖቹ ገና ሳይሣሉ፣ ባዶ ነጭ ላይ፣ አንድ ቢጫ መስመር።

ተነሥቼ የአሥራ አራትን ሳጥን ሰረዝኩት። በእኛ መሣሪያ ሳጥን ከተሰረዘ መስመሩም አብሮ ይሰረዛል። ያለ ሳጥን መስመር መቆም አይችልም።

ቆመ።

ከምንም ተነሥቶ ወደ ነርሷ የሚሄድ መስመር። ጋሽ ጠመኔ ተጠግተው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት።

«ይሄን ነገር... ማን ምን እንደነካበት ታሪኩን ልየው እስቲ።»

«እኔ አየዋለሁ!» አልኩ።

ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። መሣሪያው ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ይመዘግባል። የእኔ አራት ሰከንድም እዚያ ውስጥ አለች።

«እሺ፣ እይው» አሉ ጋሼ ለስለስ ብለው። አላዩትም። ቢያዩት ኖሮ ብዬ ያን ጊዜ አልተመኘሁም፤ አሁን ግን ምነው በግድ ገፍተውኝ ባዩት እላለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የቀስቱ ጫፍ ነርሷ ላይ አልነበረም።

ከሥዕሉ ታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለ። ንድፉን ያወጣው ሰው ስም የሚጻፍበት። ቀስቱ ሥዕሉን ሁሉ አቋርጦ ወርዶ ስሜ ላይ ነው የቆመው።

አራት ከአሥር ሲል ስልኬ ጠራ።

የደዋይ ቁጥር የሚወጣበት ቦታ ላይ «14» ብቻ ነበር።

ይዤው ወደ ደረጃው ወጣሁ።

«ሄሎ?»

... ጨርቅ ወለል ላይ ሲጎተት የመሰለ ድምፅ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«ሰማሽ?»

ሹክሹክታ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሹክሹክታ።

«ሰማሽኝ ልጄ?»

«ሰ... ሰማሁ።»

«ጎሽ።»

ከሥር የስፌት መኪኖቹ ድንገት ቆሙ፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መሰለኝ።

«ልጅቷ አልሰማችም። አልደረሳትም። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ንገሪያቸዋ።»

«እሺ እማማ።»

«እጠብቃለሁ» አሉ። መስመሩ ተዘጋ። ቢሮ ስመለስ ጋሽ ጠመኔ በደስታ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። «ጠፋ! በሃምሳ ደቂቃው ሳይሆን አሁን ጠፋ! ምን አደረግሽው?»

«ምንም» አልኩ።

ያን ቀን ልነግር ነበር። እውነቴን ነው። ግን ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ዓርብ አለቃዬ አዲስ ሥራ ይዞ መጣ፣ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፣ እንዴት ላፍርስባቸው አልኩ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ በግማሽ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? እሑድ እናቴ ቤት ነበርኩ። በየቀኑ አራት ከአሥር ላይ ስልኬ ይጠራል።

«ነገርሽ?»

«ነገ እነግራለሁ እማማ።»

«እሺ ልጄ። እጠብቃለሁ።»

ተቆጥተው አያውቁም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለሞተ ሰው ነገ እያለ ቀጠሮ የሚሰጥ ከእኔ ሌላ ካለ ጠቁሙኝ። ፍርሃቴ እንኳ እየለመደ ሄደ። በስምንተኛው ቀን ስልኩን አንሥቼ እያወራሁ በሌላ እጄ ሳጥን እሥል ነበር። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በራሴ የምፈራው ይህችን ነው።

በመሃሉ ሲስተርን አየኋት። አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ እሷ መንገድ ዳር ቆማለች፤ ወረቀት የያዘ ፕላስቲክ አቃፊ በደረቷ አቅፋለች። ሥራ ፍለጋ መሆኑ ያስታውቃል። አንገቴን ቀበርኩ። አውቶቡሱ እስኪነሣ መሬት መሬት አየሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አራት ከአሥር ሆነ።

ስልኬ አልጠራም።

አራት ከሩብ... አራት ተኩል...

እፎይ አልኩ። አፍሬ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ከልቤ እፎይ አልኩ። ሰለቻቸው፣ ዐረፉ፣ አለቀ አልኩ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

መስመሩ ቦታው ላይ ነው። ጫፉ ስሜ ላይ እንደሆነ ነው። ግን ቁርጥርጥ ሆኗል።

እኔ አልነካሁትም። ታሪኩን ከፈትኩ። ዛሬ ረፋድ፣ አራት ከአሥር፣ ከሙሉ ወደ ቁርጥርጥ ተቀይሯል። የቀየረው ሰው ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው።

እማማ እኔን መጠበቅ ትተዋል።

አንድ ሰው ሲጨቀጭቃችሁ ከርሞ ድንገት ዝም ቢላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጭቅጭቁ ይሻላል። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁና ጋሽ ጠመኔ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ሲስተር ጥፋት የለባትም። መስመሩ ቁርጥርጥ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት። እኔው ነኝ በዋዜማው የቀየርኩት። ቆጥሬዋለሁ ያልኩዎትም ውሸት ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ቁጣቸውን ጠበቅኩ።

ጋሼ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ፈገግ አሉ።

«መስኮቱን ዝጊው እስቲ፣ አቧራ ገባ» አሉኝ።

«ጋሼ... ሰሙኝ?»

«ምኑን?»

ደገምኩላቸው። ቃል በቃል። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ታሪኩን ከፍቼ ስክሪኑን አዞርኩላቸው፤ ስሜና ሰዓቱ ላይ ጣቴን አኖርኩ። ጠጋ ብለው አዩ።

«ይቺን ሳጥን ትንሽ ወደ ግራ ብታደርጊያት ታምራለች» አሉ።

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ በታክሲ በረርኩ። አስገቡኝ። ወንበር ሰጡኝ። ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ፣ እኔም በቃ ተገላገልኩ አልኩ።

«ውጪው ሞቋል አይደል?» አሉ ዳይሬክተሩ። «እና... በምን ጉዳይ ነበር የመጣሽው?»

እንባዬ አገጬ ላይ ነበር። መሐረብ እንኳ አላቀበሉኝም። አያዩትም።

ደብዳቤ ጻፍኩ። በኢሜይል ለዳይሬክተሩ፣ ለአለቃዬ፣ ለማጣሪያ ኮሚቴው። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ቃል ወጣ። ተልኳል። መልስ የሰጠ የለም። ቁርጥርጡ መስመር አሁን እኔው ነኝ፤ እልካለሁ እንጂ አልደርስም።

ለእናቴ ነገርኳት። ሌላው ቢቀር እናት ናት። እጇን ይዤ ነገርኳት። «ምሳ በላሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ በሩ እያየች «ይቺ ልጅ ዛሬ ቀረችሳ» አለች። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር።

ይህን ለዚህ የአስፈሪ ታሪኮች ቻናል የምጽፈው ከእናንተ ለአንዱ እንኳ ቢደርስ ብዬ ነው።

የቀረችኝ ሲስተር ነበረች። እሷ ካልሰማች ማን ይሰማል? ቤቷን አፈላልጌ ትናንት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና አልበረደችም። አራት ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ፤ የእሷ በር ሦስተኛው ላይ ነው። ደረጃው መደገፊያ ላይ የተሰጣ ጨርቅ አየሁ። ነጭ ጋዋኗ ነው። ለሁለት ተቀዶ የወለል መወልወያ ሆኗል።

ደወሉን ተጫንኩ።

ጫማዋ ሲጥ ሲጥ እያለ መጣ። በሩ ተከፈተ። ከስታለች።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «አልደረሰሽም። አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃሌን በላሁ።»

ሲስተር ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራ አየች። ዓይኗ በእኔ ላይ አለፈ፤ እንደ ግድግዳ አለፈኝ።

«ማነው እማዬ?» አለ ከውስጥ የልጅ ድምፅ።

«ማንም የለም። እነዚህ ባለጌ ልጆች ደውለው ሮጡ መሰለኝ።»

በሩ ተዘጋ።

እንደገና ደወልኩ። ከፈተች፣ አየች፣ ዘጋች። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ጫማዋ አልመጣም። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ «ሲስተር፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። ደጋግሜ አልኩ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ከውስጥ ሳህን ሲታጠብ ይሰማኛል።

በመጨረሻ ልወርድ ዞርኩ።

ከእኔ አራት ደረጃ ዝቅ ብሎ አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ከእሳቸው በታች ባለው ደረጃ አንድ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው በታች አንዲት እርጉዝ ሴት፣ ከእሷ በታች ደግሞ ሌላ... ደረጃው እስከሚታጠፍበት ድረስ ሰው ተደርድሯል። እያንዳንዳቸው ጠርቶ መልስ እንዳጣ ሰው ደወል ወይም ስልክ ጨብጠዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ታች እንዳደረጉ ናቸው።

አሮጊቷ ዞረው አላዩኝም።

ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው ጠረጉልኝ።